ማስታገሻና መጠን፦ የሕመም ማስታገሻ ዕፅዋት ታሪክ በኢትዮጵያ

በታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጉባኤ ላይ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ጉዳይ አብዛኞቻችሁ ከመጻሕፍት በፊት በቤታችሁ የምታውቁት ነው። ሆድ ሲቆርጥ ጤና አዳም፣ ምች ሲመታ ዳማ ከሴ፣ ያልታሰበ ሕመም ሲጥል «ድንገተኛ» የተባለው ሥር፣ ጥርስ ሲያም ደግሞ ጢስ። ከእነዚህ አንዱን ያልቀመሰ ወይም ሲቀመስ ያላየ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የማነሣው ጥያቄ ግን የሐኪም ጥያቄ አይደለም። ዕፅዋቱ ያሽላሉ ወይስ አያሽሉም የሚለውን መመርመር የሌሎች ሙያ ነው፤ የእነርሱንም ውጤት በየቦታው እጠቅሳለሁ። እኔ የምጠይቀው እነዚህ ማስታገሻዎች ከየት እንደመጡ፣ ዕውቀታቸውን ማን እንደያዘው፣ ሲተላለፍም ምኑ እንደተላለፈና ምኑ በመንገድ እንደቀረ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በቃላቱ ልጀምር። «ማስታገሻ» የምንለው ቃል «ታገሠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «አስታገሠ» በቁሙ ሲተረጎም «እንዲታገሥ አደረገ» ማለት ነው። «መድኃኒት» ግን ከግእዙ «ድኅነ» የመጣ ሲሆን መዳንን ያመለክታል። ቋንቋው እንግዲህ ሁለቱን ተግባሮች ለይቶ ያውቃቸዋል፤ አንዱ በሽታውን ያስወግዳል፣ ሌላው በሽተኛው በሽታውን እንዲችለው ያደርጋል። «ሕመም» የሚለው ቃል በአንጻሩ በሽታውንም ስቃዩንም ጠቅልሎ ይይዛል። ስቃዩን በዓይነት መለየት ሲያስፈልግ አማርኛ ወደ ግሦች ይሄዳል፦ ሆድ ይቆርጣል፣ ጎን ይወጋል፣ ራስ ይፈልጣል፣ አጥንት ይቆረጥማል። ቁርጠት፣ ውጋት፣ ፍልጠትና ቁርጥማት ከዚሁ የተገኙ ስሞች ናቸው። ቢላዋው፣ ጦሩና መጥረቢያው አይታዩም እንጂ ሥራቸው ተነግሯል። ይህን የማነሣው ለቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የመድኃኒት መጻሕፍቶቻችን ሕመምን የሚከፋፍሉት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው።

ለርእሳችን የጽሑፍ ምንጭ የሚሆኑን በልማድ «መጽሐፈ መድኃኒት» የሚባሉት የብራናና የወረቀት ጥራዞች ናቸው። አብዛኞቹን የጻፏቸውና የገለበጧቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ደብተራዎች ናቸው። ቋንቋቸው ግእዝና አማርኛ የተቀላቀለበት ነው፤ የዕፅዋቱ ስሞች ግን በአመዛኙ በአማርኛ ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 ፓሪስ ላይ አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ በ1968 እና በ1973 ባወጣቸው ሁለት ሥራዎች የመድኃኒት ጽሑፎቹንና የዕፅዋቱን ስሞች በስፋት መረመረ። እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው ስትሬልሲንን ሳያገላብጥ ወደ ፊት መሄድ አይችልም፤ ይህ ለእርሱ ክብር ሲሆን ለእኛ ግን ትንሽ የሚያሳፍር ነው።

እነዚህን ጽሑፎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ተማሪ የሚገጥመው ነገር አለ። አንድ ክፍል ሲጀምር ሕመሙን ይጠራል፤ ለራስ ፍልጠት ወይም ለሆድ ቁርጠት መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ የዚህን ዕፅ ሥር፣ የዚያን ቅጠል፣ የሌላውን ፍሬ ይዘረዝራል። ከዚያም መድቀቁን፣ በማር መለወሱን ወይም በጠላ መበጥበጡን፣ መጠጣቱን ወይም መቀባቱን ያዛል። አንዳንዱ ዕፅ አይጠጣም፣ በክታብ ታስሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ጸሎትም አለበት። ዕፁ በማለዳ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ እንዲቆረጥ የሚያዝበትም ጊዜ አለ። የእኛ ትውልድ ምሁራን ይህን ስናነብ «አስማቱን» ከ«ሕክምናው» ለመለየት እንቸኩላለን። ጸሐፊው ግን አልለያቸውም፤ እርሱን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ በመጀመሪያው ንባብ አብሮት መሄድ ይኖርበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጸሎቱ መኖሩ ሳይሆን መጠኑ አለመኖሩ ነው። ስንት ቅጠል? ምን ያህል ሥር? ለአዋቂ ስንት፣ ለሕፃን ስንት? ለስንት ቀን? ብዙውን ጊዜ መልስ የለም። ይህ ከድንቁርና የመጣ አይደለም። መጽሐፉ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ መማሪያ አልነበረም፤ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነበር። መጠኑ የነበረው በመምህሩ እጅ ላይ ነው። ደቀ መዝሙሩ እፍኙን፣ ጭብጡን፣ ቁንጥሩን፣ የጣቱን ርዝመት በዓይኑ እያየ ይማር ነበር። መምህሩ ሲሞትና ሰንሰለቱ ሲቋረጥ መጽሐፉ ለእኛ ይደርሳል፤ እጁ ግን አይደርስም። የዚህ ገለጻ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ስለ ባህላዊ መድኃኒት መጥፋት ስንነጋገር ሁልጊዜ ስለ ዕፅዋቱና ስለ ስሞቻቸው እናስባለን። ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ግን መጠኑ ነው።

አሁን ከብራናው ወደ ጓሮው ልሻገር። ደብተራው ከጻፈው ዕውቀት ጎን ለጎን ሌላ፣ ያልተጻፈ ዕውቀት ነበረ፤ አሁንም አለ። ባለቤቶቹ ሴቶች ናቸው። ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ለወላድ የሚዘጋጀው ተልባ፤ እነዚህ ከጓዳና ከጓሮ የማይወጡ ናቸው። ብራናውን በጣም ስለወደድነው ጓሮውን ረስተነዋል ብል አላጋነንሁም። የመድኃኒት ታሪካችን የተጻፈው በአመዛኙ ስለ ካህናት፣ ስለ ነገሥታትና ስለ አውሮፓውያን ሐኪሞች ነው። አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ሕመሙን ያስታገሠው ግን በእናቱ ወይም በአያቱ እጅ ነው።

ዳማ ከሴን እንመልከት። ዕፁ «የምች መድኃኒት» እየተባለም ይጠራል። ምች ምን እንደሆነ ለመግለጽ ለውጭ አገር ሰው ብዙ ቃል ይፈጃል፤ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ከእንቅልፍ ተነሥቶ ወይም ምግብ በልቶ ወደ ፀሐይ የወጣን ሰው ይመታል ይባላል። ራስ ያማል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ከንፈር ይቆስላል። በዚያን ጊዜ የዳማ ከሴ ቅጠል በመዳፍ ይታሻል፤ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ የቀረው ገላ ላይ ይታሻል፣ ሽታውም ይሳባል፤ ከዚያ በሽተኛው ተሸፋፍኖ ይተኛል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ብራናው ያላስቀመጠውን መጠን ቤቱ አስቀምጦታል። ሲኒው መለኪያ ነው። እፍኙም የእናቲቱ እፍኝ ነው፤ ለልጇ ስትቀንስ ታውቀዋለች። ዕፁ ራሱም የዋህ ነው፤ ጥቂት ቅጠል ቢጨመር ወይም ቢጎድል ሰው አይሞትም። ከብዙ ዘመን የቤት ውስጥ ሙከራ በኋላ በጓሮ ለመተከል የተመረጡት ስሕተትን የሚታገሡት ዕፅዋት ይመስሉኛል።

የዳማ ከሴ ሳይንሳዊ ስም ኦሲመም ላሚፎሊየም ነው። ስሙ ሆክሽቴተር ከተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ እርሱም ቪልሄልም ሺምፐር ከኢትዮጵያ የላካቸውን በርካታ ናሙናዎች ያጠና ሰው ነው። ሺምፐር በ1837 ወደ ትግራይ መጥቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ በአገራችን የኖረ፣ እዚሁ አግብቶ የወለደ ሰው ነው። ዕፁ በአውሮፓ መዝገብ ከገባ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከቅጠሉ ያወጡትን ውሕድ በአይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት የማብረድ ጠባይ እንዳለው በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳተሙ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ለምን ይህን ያህል ሰፋ የሚለው ጥያቄ ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ ይበቃል።

ሁሉም ዕፅ ግን እንደ ዳማ ከሴ የዋህ አይደለም። ስለ ጥርስ ሕመም ልናገር፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ጥርሱን የታመመ ሰው ፍሬ በፍም ላይ ተጥሎለት፣ ልብስ ተከናንቦ፣ አፉን ከፍቶ ጢሱን ይቀበላል። ጥርሱን የሚበላው ትል ነው ይባላል፤ ጢሱም ትሉን ያወጣዋል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ፍሬዎች አንዱ የእምቧይ ነው፤ ሌላውና ብርቱው ዕፀ ፋርስ ወይም አጤፋሪስ፣ በሌላ ስሙ አስተናግር የሚባለው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ሲሆን በየመንገዱ ዳር፣ በየቆሻሻ መጣያው ይበቅላል። ነጭ መለከት የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ አለው።

በጥርስ ውስጥ ትል አለ የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። በጥንታዊት ሜሶጶጣሚያ የሸክላ ጽሑፎች ላይ ይገኛል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ የዳቱራ ዘመድ የሆነውን የሌላ መርዘኛ ዕፅ ፍሬ በፍም ላይ አጢሶ ለጥርስ ሕመም እንዲሰጥ መክሯል፤ ትሎች እንደሚወጡም ጽፏል። ኋላ ላይ በአውሮፓ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች «ትሎቹ» በሙቀት ፈንድቶ ከዘሩ የሚወጣው ነጭ ፅንስ መሆኑን ተረዱ። ሕመሙ መቀነሱ ግን እንዲያው ምኞት አልነበረም። የእነዚህ ዕፅዋት ቤተሰብ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ፣ በነርቭ ላይ የሚሠሩ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። ትሉ ሐሰት ነበር፤ ድንዛዜው እውነት ነበር።

አሁን ለታሪክ ሰው እጅግ የሚጥመው ነገር ይመጣል። ዳቱራ ስትራሞኒየም የአሜሪካ ዕፅ ነው፤ የትውልድ አገሩ በሜክሲኮ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ1492 በፊት በኢትዮጵያ ደጋ ሊኖር አይችልም። ከአያት ቅድመ አያት እንደወረስነው የምንቆጥረው ይህ የጥርስ መድኃኒት፣ ቢያንስ በዚህ ዕፅ የሚሠራው፣ ከበርበሬያችን የሚበልጥ ዕድሜ የለውም ማለት ነው፤ በርበሬም ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ ነውና። ስሙ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ዕፀ ፋርስ ማለት የፋርስ ዕፅ ማለት ነው። ሕዝቡ ባዕድነቱን አውቆ ስም ሰጥቶታል፤ የመጣበትን አገር ግን በሚያውቀው ሩቅ አገር ስም ጠራው። ይህ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በቆሎ ሲመጣ የባሕር ማሽላ ተባለ። በ1890ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ተባለ። ባሕር እዚህ ላይ ውኃው አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው። ጉንፋን የያዘውና ራሱን ያመመው ሰው የሚታጠነው የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ዛሬ «ባህላዊ» ከምንላቸው ማስታገሻዎች ዋነኛው ነው፤ ዕድሜው ከአዲስ አበባ ዕድሜ አይበልጥም።

ይህን ስናገር አንዳንድ ሰዎች ቅር ይላቸዋል፤ ባህላችንን ለማሳነስ የመጣሁ ይመስላቸዋል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። «ባህላዊ ሕክምና» የሚለው ስያሜ ሳያስበው አንድ በደል ይፈጽማል፤ ዕውቀቱን ታሪክ አልባ ያደርገዋል፤ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ያስመስለዋል። በእውነቱ ግን አንድ ቀን፣ በአንድ መንደር፣ አንድ ሰው የማያውቀውን አዲስ አረም አንሥቶ ፍሬውን ፍም ላይ ጣለ። በጢስ ማከም ቀድሞ ያውቅ ነበር ወይም ከነጋዴ ሰምቶ ነበር፤ በየትኛውም መንገድ ሞከረ፣ አየ፣ ለሌላ ተናገረ። ያ ሰው ተመራማሪ ነበር።

ሙከራው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ዕፀ ፋርስ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ልብ ያስመታል፣ ሰውን ያስቃዣል፣ ሲበዛም ይገድላል። በውስጡ ያለው የመርዝ መጠን ከተክል ወደ ተክል ይለያያል፤ ትናንት የዋለው አሥር ፍሬ ዛሬ ሊበዛ ይችላል። ሌላው ስሙ «አስተናግር» ነው፤ የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ። ይህን ስም ያወጣው ሕዝብ መጠኑ ሲታለፍ ምን እንደሚሆን አይቷል። በመጽሐፍ ያልተመዘገበው የመመረዝ ታሪክ በዕፁ ስም ውስጥ ተመዝግቦ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ስለ አንድ ዕፅ ሲጠይቁ ሁሉንም ስሞቹን፣ በየወረዳው ያሉትን ጭምር፣ እንዲሰበስቡ አሳስባለሁ።

እዚህ ላይ ለንጽጽር ወደ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ። በ1763 ቺፒንግ ኖርተን በተባለች ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ ኤድዋርድ ስቶን የተባለ ቄስ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ ጻፈ። የአኻያ ልጥ ቀምሶ ምሬቱ በዘመኑ ለወባ ትኩሳት ይሰጥ የነበረውን የፔሩ ልጥ እንዳስታወሰው ገለጸ። ልጡን ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ አጠገብ ከሦስት ወር በላይ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ ነፍቶ ለሕሙማን ሰጠ። ለምን አኻያን መረጠ? አኻያ ረግረግ ቦታ ይበቅላል፤ ትኩሳቱም የሚበዛው በረግረግ ቦታ ነው፤ ፈጣሪም መድኃኒቱን ከበሽታው አጠገብ ያስቀምጣል ብሎ ስላመነ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከየትኛውም ደብተራ አስተሳሰብ አይሻልም፣ አያንስምም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ስቶን በየአራት ሰዓቱ ሃያ ግሬን፣ ማለትም አንድ ግራም ከሦስት አሥረኛ ያህል እየሰጠ እንደጀመረ ጻፈ። ሃምሳ ያህል ሰዎችን እንዳከመ ጻፈ። በማን ላይ በቂ ሆኖ እንዳልተገኘም ጻፈ። ከዚያም ደብዳቤው ታተመ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። በ1828 ሙኒክ ላይ ዮሐን ቡክነር ከልጡ ሳሊሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ በ1897 የባየር ኩባንያ ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን ዘመድ የሆነውን ውሕድ በንጹሕ መልክ ሠራ፤ በ1899 አስፕሪን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ለምን ሕመም እንደሚያስታግሥ የታወቀው ግን ጆን ቬን በ1971 ባሳተመው ጥናት ነው፤ ስቶን ልጡን ለሰው ከሰጠ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ። ሕመምተኛው ምክንያቱን እስኪነግሩት አልጠበቀም። መጠኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ነበር። አኻያ በእኛም ወንዞች ዳር ይበቅላል፤ እኛ ግን በአብዛኛው ቀንበጡን ቆርጠን ጥርሳችንን ፍቀንበታል።

ከርቤም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በአጭሩ ላልፈው። ዛፉ በምሥራቅ ቆላችንና በሶማሌ ምድር ይበቅላል፤ ሙጫው በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ ወደቦች ይጫን እንደነበር የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ የተባለው የመርከበኞች መጽሐፍ መዝግቧል። በማርቆስ ወንጌል ለሚሰቀለው ለክርስቶስ ከርቤ የተቀላቀለበት የወይን ጠጅ እንደቀረበለትና እንዳልተቀበለ እናነባለን። ሁላችንም በየዓመቱ በስቅለት የምንሰማው ነው፤ የሕመም ማስታገሻ መሆኑን ግን ስንቶቻችን አስበናል? በ1996 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ከከርቤ የተገኙ ንጥረ ነገሮች በአይጦች ላይ ሕመም እንደሚያስታግሡና በአንጎል ውስጥ ኦፒየም የሚሠራባቸውን ተቀባዮች እንደሚነኩ አሳዩ። ድርጊቱ ተጽፎ፣ ቃሉ በየቋንቋው ተተርጉሞ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ተነበበ። ምን ያህል ከርቤ በምን ያህል ወይን እንደሚገባ ግን ጽሑፉ አይናገርም፤ ጉዳዩም አይደለም።

ታዲያ የእኛ አዋቂዎች ለምን አልጻፉም፣ ለምንስ ደበቁ? ምሥጢር መጠበቅን እንደ ክፉ ጠባይ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቶቹን በቅርብ ስናያቸው ግን ያልተመዛዘኑ አይደሉም። ዕውቀቱ እንጀራ ነበር፤ ለተመረጠ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነበር። ሥር ማሽ ተብሎ ስም መውጣትም፣ ከጥንቆላ ጋር መቆጠርም ነበር። ደግሞም የተናገረ ሰው ምን እንዳተረፈ ታሪክ ያሳየናል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከ1769 ጀምሮ በአገራችን በቆየበት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት በዋጊኖስ ተፈወሰ። ዛሬ ያ ዕፅ በዓለም የሚታወቀው ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ ተብሎ ነው። ስሙ የዳነው ሰው ስም ነው። ዕፁን ለይተው፣ አዘጋጅተው፣ በልክ ለማጠጣት የበቁት ሰዎች ስም በሳይንሱ መዝገብ ውስጥ የለም። በ2006 የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት መብት ብሎ ማወቁ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው። ነገር ግን መብቱን ለማስከበር የዕውቀቱን ይዘት መግለጽ ይጠይቃል፤ ምሥጢሩን የሚጠብቀውም አዋቂ የሚፈራው በትክክል ይህንን ነው። ሕግ ብቻውን ይህን ቋጠሮ ይፈታዋል ብዬ አላምንም።

የመጨረሻው ዕፅ ድንገተኛ ነው። በአዲስ አበባ ገበያዎች ውስጥ መድኃኒት ሻጮች ፊት ለፊት ቀጫጭን ሥሮች በትንንሽ እስር ተቀምጠው ታዩ ይሆናል። በድንገት ሆዱን የቆረጠው ወይም ያተኮሰው ሰው ሥሩን አኝኮ ውኃውን ይውጣል። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዕፁ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር የማይገኝ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙን፣ ታቨርኒየራ አቢሲኒካን፣ ያወጣለት ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው። ሪሻር ራሱ ወደ አገራችን አልመጣም። የአቢሲኒያን ዕፅዋት የሚዘረዝረውን ሥራውን በ1847 እና በ1851 መካከል ያሳተመው ኳርቲን ዲሎንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በሰበሰቡለት ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው። ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ፔቲን በ1843 ዓባይ ውስጥ አዞ በላው። ዛሬ በዕፅዋት ቤተ መዘክር የተለጠፈ ደረቅ ቅጠል ስታዩ እንዲህ ያለ ዋጋ የተከፈለበት ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ከዚያ በኋላ ሥሩ እንደገና በሊቃውንት እጅ የገባው በ1980ዎቹ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው የሥሩን ንጥረ ነገሮች ለይተው በ1987 አሳተሙ። በ1990 ደግሞ ትኩሳት የማብረድና ሕመም የማስታገሥ ጠባዩን፣ የአንጀት ጡንቻን ኩምትርትር የማላላት ኃይሉንም የሚያሳዩ ጥናቶች ወጡ። ቁርጠት ማለት ያ ኩምትርትር ነው። በገበያ የተባለውና በቤተ ሙከራ የታየው እዚህ ላይ ተገናኙ። ነገሩ በዚያ ዘመን ብዙ ተስፋ አሳድሮ ነበር፤ ሆኖም ድንገተኛ ዛሬም በእስር የሚሸጥ ሥር ነው እንጂ በመጠኑ ተለክቶ በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ ነገር አልሆነም።

አንድ ልዩነት ጠቁሜ ላብቃ። ዳማ ከሴና ጤና አዳም ቅጠላቸው ይቀጠፋል፤ ተክሉ በጓሮ ይቀጥላል። ድንገተኛ ግን ሥሩ ነው የሚፈለገው፤ ለአንድ እስር ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል። ለራስ ምታትና ለሆድ ቁርጠት የሚታኘከው፣ ለክፉ ሽታም የሚጤሰው ቀበርቾም እንዲሁ ነው፤ እርሱም የአገራችን ብቻ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙን ያወጡለት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው። ሁለቱም በአብዛኛው ከዱር ተቆፍረው ይመጣሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሴሚስተር የመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ገበያ ስትሄዱ የሥሩን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ ማን እንደቆፈረው፣ ቆፋሪው ከአሥር ዓመት በፊት ለአንድ እስር ስንት ተክል ይነቅል እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚነቅል ጠይቁ። የሥሩንም ውፍረት ለኩ፤ በየዓመቱ እየቀጠነ ከሄደ ተክሉ ሳይጎለምስ እየተነቀለ ነው ማለት ነው። ሻጯ ለአዋቂ ስንት፣ ለልጅ ስንት እንደምትሰጥም ሳትጽፉ እንዳትመለሱ።